«አንተማመንም ወይ?» ለሚባሉ ቤት ገዢዎች

ከላላ ላይ በረመዷን ስልክ ይበዛል። መግሪብ ተሰግዶ፣ ቴምሩና ሾርባው ተቀምሶ፣ ቡናው ሲፈላ የእናት ስልክ ይጮኻል። ከጅዳ ወይም ከሪያድ ነው። «ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? አባባ ተሻለው?» ከተባለ በኋላ ወሬው ወደ ቤት ይዞራል። ከከተማው ጫፍ አንድ ቤት ተገኝቷል፤ ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረዋል፤ ብሩ ቶሎ ካልመጣ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ልጅቱ የሰው ቤት እየጠረገች ዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ። «እሺ፣ ከዒድ በፊት እልካለሁ» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሱ ይቀራሉ። ቤቱ ካርታ አለው? የሚገዛውስ በማን ስም ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይታያል። ሻጩን «ካርታህን አሳየኝ» ማለት ሌባ ነህ የማለት ያህል ይከብዳል። ወንድምን «በእኔ ስም ይጻፍ» ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። «አንተማመንም ወይ?» የሚለው ቃል ከመጣ አፍ ይዘጋል። በከላላ፣ በመካነ ሰላም፣ በደሴም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ከምንም ነገር በላይ የሚሰናከለው በዚህ ይሉኝታ ይመስለኛል።

ነገሩን በዚህ ወር ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሚናገረው ስለ ጾም ወይም ስለ ሐጅ ሳይሆን ውልን ስለ መጻፍ ነው። የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ በየሌሊቱ አንድ ጁዝእ በሚቀራበት ተራዊሕ በሦስተኛው ሌሊት ላይ ይደረስበታል። አንቀጹ በጊዜ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው ሚዛናዊ እንዲሆን፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ራሱ ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ጠባቂው እንዲያስጽፍለት፣ ምስክር እንዲቆም፣ ነገሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳይሰለች ያዝዛል። ሲገበያዩ ምስክር ማቆምን፣ ጸሐፊውና ምስክሩ እንዳይጎዱ መጠንቀቅንም ይጨምራል። አብዛኞቹ ዑለሞች ይህን ግዴታ ሳይሆን በብርቱ የተወደደ ነገር አድርገው ያዩታል። የሆነ ሆኖ የተነገረው ለአማኞች ነው፤ እርስ በርስ ለሚተማመኑ ሰዎች። እንግዲህ «ካርታውን ላየው» ያለ ገዢ አደብ ጎደለው የሚባለው በየትኛው መስፈርት ነው?

ቤትን በተመለከተ የአገሪቱ ሕግ ከዚህም ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ዋጋ የለውም ይላል። አንቀጽ 1727 ሁለት ምስክሮች ይጠይቃል። አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ሽማግሌ ባለበት ቡና እየተጠጣ የሚጻፈው፣ አራት ሰው ጣቱን የሚያትምበት «የመንደር ውል» ይህን የመጨረሻውን አያሟላም። በአንቀጽ 1723 ሰበብ የተነሱ ክርክሮች እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ደርሰዋል፤ ጠበቆችም ብዙ ይከራከሩበታል። የመጀመሪያ ቤታችሁ የክርክሩ መዝገብ አንድ ቁጥር እንዲሆን አትፍቀዱ። ሽማግሌዎቹ ያስማሙ፣ ዱዓም ያድርጉ፤ ከዚያ ሁላችሁም ተነስታችሁ ወደ ውል አዋዋይ ሂዱ።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው? መሬት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዙት በላዩ ያለውን ቤትና ቦታውን የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ሻጩ ያ መብት በእጁ መኖሩ ዋናው ነገር ይሆናል። በትናንሽ ከተሞቻችን ገዢን በብዛት የሚያቃጥለው በከተማው ጫፍ ከገበሬ የሚገዛ ቦታ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ ከተማውም ወደዚያ እየሰፋ ስለሆነ ያጓጓል። ገበሬው የይዞታ ደብተር ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ግን የእርሻ ይዞታ ደብተር ነው። በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት ያን መሬት ማከራየት፣ ማውረስ፣ ሕጉ በፈቀደው መንገድ በስጦታ መስጠት ይችላል፤ መሸጥ አይችልም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው ወረቀቱ ላይ «ብድር» ወይም «ስጦታ» ወይም «የጎጆ ሽያጭ» ተብሎ የሚጻፈው። ስሙ የተቀየረ ውል ግን ነገሩን አይቀይረውም። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ለከተማ ሲከልል ካሳ የሚጠራው ደብተሩ ላይ ያለውን ሰው ነው። የገዢው ቤት ደግሞ ሕገወጥ ግንባታ ተብሎ ቀይ ቀለም ሊቀባ ይችላል። «ግብር ስገብር ኖሬያለሁ» የሚል ደረሰኝ ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ከዲንም በኩል ብናየው የእጅ ያልሆነን ነገር መሸጥ የተከለከለ ነው፤ እያወቁ መግዛትም ከዚያ የራቀ አይደለም።

የቀበሌ ቤትም አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ተከራይ ነው። «ቁልፍ እሸጥልሃለሁ» ሲል የሚሸጠው ኪራዩን ነው፤ ያም የሱ አይደለም።

ካርታ ያለው ቤት ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ደንግጓል። ሻጩ በዓመት ጥቂት ብር እየከፈለ የኖረበት ቦታ ለእናንተ ሌላ ሒሳብ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። አዋጅ ይሻሻላል፣ የክልልም መመሪያ አለ፤ ዛሬ የሚሠራበትን ከከተማው አስተዳደር የመሬት ክፍል ጠይቁ። የምትጠይቁትም ይህን ብቻ አይሁን። ካርታው ከፋይሉ ጋር ይመሳከራል ወይ? ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? በከተማው ፕላን መንገድ ያልፍበታል ወይ? ሻጩ አብሯችሁ ሄዶ ፋይሉ ሲከፈት ይቁም። አብሮ ለመሄድ ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ መልሱን እየሰጣችሁ ነው።

ካርታው ላይ ያለው ስም የሟች አባት ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። የሚሸጠው ታላቅ ወንድም ነው፤ «እህቶቼ ለእኔ ትተውልኛል» ይላል። ትተውለት ይሆናል። ግን እነሱ ራሳቸው ሲናገሩ ሰማችሁ? በሸሪዓ ሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ትወርሳለች፤ ልጆች ባሉበት ሚስት ስምንተኛውን ትወስዳለች። ይህ ድርሻ ከአላህ የተመደበ ነው፤ በወንድም ዝምታ አይጠፋም። ወሎ ውስጥ እህት «ከወንድሜ ጋር አልካሰስም» ብላ ዝም የምትለው ሐቋን ስለተወች ብቻ አይደለም፤ ስታገባም ስትፈታም የምትመለስበት ደጅ እንዳይዘጋባት ነው። ዓመታት አልፈው ልጆቿ ሲጠይቁ የሚከሰሰው ሻጩ ብቻ ሳይሆን ቤቱን የያዘው ገዢ ነው። ስለዚህ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይቅረብ። ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ውርስ ያያል። ከዚያ ወራሾቹ በሙሉ፣ ዓረብ አገር ያለችውም በውክልና፣ ይፈርሙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ፈርማ ይኑር፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ሁለት ቤት ያለው ሰው ከሆነ የሁለቱንም ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን ስለ ሹፍዓ ልጥቀስ፤ ወጣቶች ብዙም አያውቁትም። ያልተከፋፈለ ቤት ከጋራ ባለቤቶቹ አንዱ ድርሻውን ሲሸጥ፣ ሌላው ባለድርሻ በዚያው ዋጋ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው። በሐነፊ መዝሀብ ይህ መብት ለጎረቤትም ይደርሳል፤ በሻፊዒ ግን ለባለድርሻው ብቻ ነው። ሁለቱም መዝሀብ ወሎ ውስጥ ስለሚቀራ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጎረቤቱን «ይህን ቤት ልገዛ ነው» ብሎ ማስታወቅ ምንም አያስከፍልም። አብራችሁ የምትኖሩትም ከሱ ጋር ነው።

አሁን ወደ ጅዳዋ ልጅ እንመለስ። ገንዘቧን ላከች፤ ቤቱ ተገዛ፤ በአባቷ ስም ተጻፈ። ሁሉም ደስ ብሎታል። ማንም ክፉ አላሰበም። አባት በሞተ ማግስት ግን ቤቱ ውርስ ነው። ካርታው ላይ ያለው ስም የአባት ነውና ሚስት፣ ወንዶች ልጆች፣ ሴቶች ልጆች ሁሉ ድርሻ ይነሳላቸዋል። ልጅቱ የራሷ ላብ ከሆነው ቤት የወንድሟን ግማሽ ታገኛለች። አባት በሕይወት እያለ «ለሷ ወሲያ አድርጌያለሁ» ቢል እንኳ አይበቃም፤ በሸሪዓ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ ለወራሽ ወሲያ የለም። ቤቱ በወንድሟ ስም ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ሚስቱ ቤት ይሻገራል፤ በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታልና። እሷ በእጇ ያላት የስልክ ወሬ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቤተሰብን መጠርጠር አይደለም፤ ሐሳቧን ለይታ ማወቅና ያን ማስጻፍ ነው። ቤቱ ለወላጆቿ ስጦታ ከሆነ ምን የመሰለ ነገር! ግን ስጦታ መሆኑን ትናገር፣ ይጻፍ፣ ወንድምና እህት ይስማ፤ ነገ «የኔ ነበር» እንዳትል እሷም ትጠበቅ። ቤቱ የራሷ ሆኖ ወላጆቿ እንዲኖሩበት ከሆነ የምትፈልገው ካርታው በስሟ ይሁን። ለዚህ በሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ውክልና ትሰጣለች፤ ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ውክልናው «ቤት እንዲገዛልኝ፣ ውሉን እንዲፈርምልኝ፣ በስሜ እንዲያዛውርልኝ» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። መሸጥንና በዋስትና ማስያዝን ካላሰበች እነዚህን ቃላት አታስገባ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፤ «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚለው ጠቅላላ ቃል ለዚያ አይበቃም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተዘጋጀውን ረጅም ቅጽ ሳያነብ ይፈርማል።

ከዓረብ አገር ተመላሾች ጋር የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ሌላም ጣጣ አለ፤ የስም ጉዳይ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ወይም የአያት ስም አገር ቤት ካለው መታወቂያዋ ጋር ላይገጥም ይችላል። ውክልናው በፓስፖርቱ ስም ይመጣል፤ ካርታውም በዚያው ይወጣል። ተመልሳ ስትመጣ «ይቺ ማናት?» ይባላል። ይህን ቤት ከመገዛቱ በፊት ማስተካከል ያደክማል፤ ከተገዛ በኋላ ግን ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ገንዘቡም በባንክ፣ የሚቻል ከሆነ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይምጣ። በሰው እጅ የሚዞረው ሐዋላ ምንዛሬው ሊያምር ይችላል፤ ነገ «ብሩን እኔ ልኬያለሁ» ስትል ግን የምታሳየው ወረቀት አይኖራትም።

ገንዘቡ ባይሞላስ? እዚህ ላይ የሙስሊም ቤተሰብ ጭንቀት ወለድ ነው። ባንክ ሄዶ በወለድ ከመበደር ይሸሽና መንደር ውስጥ ወለድ አገድ ይገባል። አንዱ ብር ያበድራል፤ ተበዳሪው ቤቱን ይሰጠዋል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ ያለ ኪራይ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል። ብሩ ሲመለስ ሙሉው ይመለሳል፤ የኖረበት ኪራይ አይታሰብም። ሕጉም ያውቀዋል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ በዚሁ ስም ተጽፏል። ስሙ ግን ራሱ ይናገራል፤ ወለዱን የሚያግደው ቤቱ የሚያስገኘው ጥቅም ነው። አበዳሪ በብድሩ ምክንያት ያገኘው ጥቅም ወለድ ነው የሚለው ደግሞ በፊቅህ የታወቀ መርሕ ነው። ከባንክ ወለድ የሚጸየፉ ሰዎች ወለድ አገድን እንደ ዋዛ ሲያዩት ይገርመኛል። ምናልባት ወለዱ በብር ሳይሆን በግድግዳና በጣራ ስለሚከፈል አይታይ ይሆናል። ለመጀመሪያ ቤታችሁ ብላችሁ ያላችሁን ጎጆ በወለድ አገድ ከመስጠታችሁ፣ ወይም በቁጠባችሁ የሰው ቤት በወለድ አገድ ከመያዛችሁ በፊት ቃዲያችሁን ወይም ሸኻችሁን ጠይቁ።

ሌላ መንገድ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ከወለድ ነጻ አገልግሎትን በመመሪያ ከፈቀደ ወዲህ ብዙ ባንኮች መስኮት ከፍተዋል፤ የንግድ ባንክ «ሲቢኢ ኑር» አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ፣ ቀጥሎም ሒጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው ሥራ ጀመሩ። በሙራበሓ ባንኩ ቤቱን ራሱ ይገዛና ትርፉን ነግሯችሁ በክፍያ ጊዜ ይሸጥላችኋል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ አይጨምርም። በሙሻረካ ሙተናቂሳ ደግሞ ቤቱን አብራችሁ ትገዙና የባንኩን ድርሻ እየገዛችሁ፣ ለቀረው ድርሻ ኪራይ እየከፈላችሁ ሙሉ ባለቤት ትሆናላችሁ። የትኛውን፣ በምን ያህል ቅድሚያ ክፍያ እንደሚሰጡ በየቅርንጫፉ ይለያያል። ባንኩን አንድ ጥያቄ በደንብ ጠይቁት፤ ቤቱ ለእኔ ከመሸጡ በፊት በእርግጥ የባንኩ ይሆናል ወይ? ባንክ ካርታ የሌለውን ቤት አይነካም፤ እምቢታው ራሱ ነጻ ምክር ነው። ብሩ ጥቂት ከጎደለ ደግሞ የመስጊድ ጀማዓ ዕቁብ ወይም ያለ ወለድ የሚያበድር ዘመድ አለ፤ የዘመዱም ብድር ይጻፍ።

ለቤት የተቀመጠ ብር ዘካ ይወጣበታል ወይ የሚለው በየረመዷኑ ይነሳል። በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ ብሩ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠና የጨረቃ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣበታል፤ «ቤት ልገዛበት ነው» ማለት አያስቀረውም። ዓመቱ ሳይሞላ ለቤቱ ከተከፈለ ግን የለበትም። የምትኖሩበት ቤት ራሱ ዘካ የለበትም።

ቤቱን በዓይን ማየትም አለ። ዘንድሮ ረመዷን የገባው በበጋ ነው፤ በበጋ ሁሉም ቤት ያምራል። ከላላ አካባቢ ብዙው ቦታ ዋልካ ወይም መረሬ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ የተቀባ ልስን አያታልላችሁ፤ ከበርና ከመስኮት ጥግ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ለጎረቤቱ «ሐምሌ ላይ ውኃው በየት ይወርዳል?» በሉት፤ ከሻጩ ይልቅ እሱ እውነቱን ይነግራችኋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት በቢላ ወጋ አድርጉ፤ ባሕር ዛፉን ምስጥ በልቶት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ ቀን ቀን ከውስጥ እንደ ኮከብ ያበራል።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ሁሉ ጨርሱ። በሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ በኩል የሚመለስ ያልሆነ ቀብድን ኢማም አሕመድ ሲፈቅዱ ሌሎቹ አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ውሉ ላይ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ተስማምታችሁ አስጽፉ። የደላላውን ክፍያ፣ የቴምብር ቀረጡን፣ ሻጩ ላይ የሚመጣውን ግብር ማን እንደሚከፍልም እዚያው ይግባ። ሙሉው ብር ስም ሳይዛወር አይለቀቅ፤ ጥቂቱ ይያዝ፣ ለዚያም ቀን ይቆረጥለት። «ከዒድ በፊት ካልሆነ» ለሚል ሻጭ ከዒድ በኋላ ሸዋል እንዳለ ንገሩት።

ካርታው ሲወጣ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡት፤ የፋይል ቁጥሩንም ለብቻው ያዙት። ከዚያ ፎቶ አንስታችሁ ጅዳ ላኩላት፤ ስሟን ራሷ ታንብበው።